እናትዎን አሜሪካ ከማስቀረትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

እናቴ መድኃኒቷን የምታስቀምጠው ከአዲስ አበባ ይዛው በመጣችው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነበር። ፌስታሉን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ከፍቼ ያየሁት ግን አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል ካልሲዋን ማጥለቅ አቅቷት ደረስኩ። ላግዛት ጎንበስ ስል እግሯ እንደ ሊጥ አብጧል፤ ጣቴን ያሳረፍኩበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። “ቆይቷል፣ ብርዱ ነው” አለችኝ። ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። የግፊት ኪኒኖቿ በምላጭ ለሁለት ለሁለት ተከፍለዋል። ለስድስት ወር የተገዛውን መድኃኒት ግማሽ ግማሹን እየዋጠች አሥራ አንድ ወር አድርሳዋለች። አጠገቡ እኔው ከሱፐርማርኬት የገዛሁላት የጉልበት ማስታገሻ ትልቅ ብልቃጥ አለ። እሱ ግን ሊያልቅ ደርሷል።

“ለምን አልነገርሽኝም?” ስላት፣ “ብነግርሽ ሌላ ቢል ነው የሚመጣብሽ” አለች።

እናቴ የመጣችው ልታርሰኝ ነበር። አየር ማረፊያ ላይ ስድስት ወር ተሰጣት። ልጄ ዳዴ ማለት ሲጀምር ቀኑ ደረሰ። እኔ ወደ ሥራ መመለስ አለብኝ፤ የሕፃናት ማቆያው ዋጋ አይቀመስም፤ እሷም “ይህን ልጅ ለማን ጥዬው?” ትላለች። ቀኑ ሲያልፍ ማናችንም ምንም አልተናገርንም። ቁጭ ብለን የወሰንነው ነገር አልነበረም፤ ዝም ብለን አሳለፍነው እንጂ። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ቢያንስ አውቆና አስቦበት እንዲወስን ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከእኔ ጊዜ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ልጻፍና፣ ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና ለሦስት ወር የሚጸና ሆኗል። ቀድሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እየሄዱ መመለስ ይቻል ነበር። አሁን “ከሄደች ዳግም ቪዛ ላታገኝ ትችላለች” የሚለው ፍርሃት በየቤቱ ገብቷል። በዚህ ፍርሃት የተነሳ ቀናቸው አልፎ የሚቀሩ እናቶችና አባቶች ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል ጥቂት አይደሉም። ሲቀሩ የምናስበው ስለ ወረቀቱ ነው። እኔ በራሴ ቤት ያየሁት ግን ወረቀቱ ሲጠበቅ ቀድሞ የተጎዳው ጤናዋ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ቀኑ ሳያልፍ ለራስዎ ይመልሱ።

ትክክለኛው ቀን የትኛው ነው?

ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚናገረው እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል ነው። የመቆያው ጊዜ የሚቆጠረው ሲገቡ በተሰጣቸው ቀን ነው። ይህም አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይገኛል፤ በፓስፖርት ቁጥር ከመንግሥት ድረ ገጽ ማውጣት ይቻላል። ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። ተጨማሪ ጊዜ ከፈለጉ ያ ቀን ሳይደርስ አይ-539 በሚባለው ቅጽ ማራዘሚያ ይጠይቁ።

ቀኑ ካለፈ ቪዛው በአንድ ቀን ልዩነት እንኳ ዋጋ ያጣል። ከ180 ቀን በላይ ቆይተው የወጡ ሰዎች 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው የወጡ ደግሞ 10 ዓመት እንዳይመለሱ ይታገዳሉ። ዕገዳው የሚጀምረው ሲወጡ ነው። ለ72 ዓመት እናት 10 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። አገር ቤት ለቅሶ ቢመጣስ? የእናቴ ታናሽ ወንድም ደብረ ብርሃን ሲያርፍ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችው እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነበር። ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ድንኳኑን በስልክ ቪዲዮ አየችው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ለወራት እንቅልፍ አልነበራትም፤ እኔም ያንን እንደ ሕመም አልቆጠርኩላትም።

እርስዎ ዜጋ ነዎት ወይስ የግሪን ካርድ ባለቤት?

ይህ ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ አፍርሷል፤ በተሳሳተ ወሬ የተነሳ። ለወላጅ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ለእናቱ ማመልከት አይችልም፤ ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ አለበት። የዜጋ ወላጅ ወረፋ የለበትም፤ በሕጋዊ መንገድ ተፈትሾ የገባ ከሆነ ቀኑ ቢያልፍበትም እዚሁ ሆኖ ማመልከት ሕጉ ይፈቅድለታል። ይሁን እንጂ በ2025 መጨረሻ ሳንዲያጎ ውስጥ ቀናቸው ያለፈ አመልካቾች ለግሪን ካርድ ቃለ መጠይቅ እንደሄዱ መያዛቸው በዜና ተዘግቧል። “ሁሌም እንዲህ ነው የሚደረገው” ብሎ በጓደኛ ምክር መሄድ የሚቻልበት ጊዜ አልፏል።

ዜግነት ለማግኘት ሦስት ዓመት ከቀረዎት ወላጅዎ ሦስት ዓመት ያለ ወረቀት ይቆያሉ ማለት ነው። ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሦስት ዓመት ያለ ሐኪም መቆየት ረጅም ነው። ደግሞም “ልጠይቅ ነው የመጣሁት” ብሎ ለመቅረት አስቦ መግባት በራሱ ጥፋት ስለሆነ፣ ገና ቪዛ ሳይጠየቅ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። በኤምባሲ በኩል የሚሄደው መንገድም በየጊዜው እየተቀያየረ ነው። ጥገኝነት ለመጠየቅ እውነተኛ ምክንያት ያላቸው ወላጆች አሉ፤ የማመልከቻው ጊዜ ከገቡበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት መሆኑን ይወቁ። ለሕክምና ሲባል የተፈጠረ ታሪክ ይዞ መግባት ግን ወላጅን ፍርድ ቤት ማቆም ነው፤ አያድርጉት።

ሐኪማቸው ማን ነው?

ብዙዎቻችን “ከባሰባት ኢመርጀንሲ እንወስዳታለን” እንላለን። እኔም ብዬ ነበር። ስለዚህ ኢመርጀንሲ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ በደንብ መለየት ያስፈልጋል።

በ1986 የወጣ የፌደራል ሕግ አለ፤ ኤምታላ ይባላል። ሜዲኬር የተባለውን የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ የሚቀበልና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል የመጣን ሰው ሁሉ ወረቀትም ገንዘብም ሳይጠይቅ መመርመርና ለሕይወት የሚያሰጋውን ነገር ማረጋጋት ግዴታው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የደረት ውጋት ሲመጣ፣ ፊት ሲጣመም፣ ትንፋሽ ሲያጥር አንድ ደቂቃ ሳያመነቱ 911 ይደውሉ። ግዴታው ግን ማረጋጋት ላይ ያበቃል። እናቴን በዚያ እሑድ ወሰድኳት። ውኃውን የሚያስወጣ መድኃኒት ሰጧት፣ ግፊቷን አወረዱት፣ ማታ ላይ አንድ ወረቀት አስያዙን። ወረቀቱ ላይ “በአንድ ሳምንት ውስጥ መደበኛ ሐኪምዎን ያነጋግሩ” ይላል። መደበኛ ሐኪም አልነበራትም።

በስኳር፣ በግፊት፣ በኩላሊትና በልብ የታመመ አረጋዊ የሚድነው በየሦስት ወሩ በሚደረግ አሰልቺ ክትትል ነው፤ ደም ይሰጣል፣ ግፊት ይለካል፣ መጠን ይስተካከላል። ድንገተኛ ክፍል ይህን አይሠራም። ወጪውን በከፊል የሚሸፍነው ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ የሚባለው ፕሮግራምም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና በክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ለሆኑ ሰዎች ድንገተኛውን ብቻ ነው የሚከፍለው።

ኩላሊት ላይ ይህ ልዩነት ሕይወት ነው። ዴንቨር ውስጥ የምትሠራ ሊሊያ ሰርቫንተስ የምትባል ሐኪም፣ ወረቀት የሌላቸው የኩላሊት ሕሙማን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የሚያገኙት ሊሞቱ ሲደርሱ በድንገተኛ ክፍል በኩል ብቻ መሆኑን አይታ ነገሩን በጥናት ተከታተለችው። በ2018 ባወጣችው ውጤት መሠረት በሳምንት ሦስቴ መደበኛ እጥበት ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በአምስት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 14 እጥፍ ገደማ ነበር። ኮሎራዶ በ2019 ደንቧን ቀይራ መደበኛውን እጥበት መሸፈን ጀመረች። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን ዛሬም እንደ ድሮው ናቸው። ወላጅዎ ኩላሊታቸው የተነካ ከሆነ ይህ አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል፤ እርስዎ በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት መደበኛ ዲያሊሲስ ይሸፈናል ወይ? መልሱ “አይ” ከሆነ፣ የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ እዚያ አያስቀሯቸው።

የሚኖሩት የት ነው?

አሜሪካ በዚህ ጉዳይ አንድ አገር አይደለችም። በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንኳ ልዩነት አለ።

ኒውዮርክ ከጥር 2024 ጀምሮ 65 ዓመት የሞላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ወረቀት ባይኖራቸውም ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት የጤና ሽፋን እንዲያገኙ አድርጋለች። ኦሬገንም በ2023 ለሁሉም ዕድሜ ከፍታለች። ካሊፎርኒያ በ2022 ለ50 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በ2024 ደግሞ ለቀሩት ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ከጥር 2026 ጀምሮ ወረቀት የሌላቸውን አዲስ አዋቂዎች መመዝገብ አቁማለች። ኢሊኖይ 65 ዓመት ለሞላቸው የጀመረችውን ፕሮግራም ለአዲስ ገቢ ዘግታለች። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ በ2025 መጀመሪያ ለአዋቂዎች የተከፈተው በር በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2024 የከፈተችው በቦታ ቁጥር የተወሰነ ነው። ዲሲ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ስንቱን የታደገው ሄልዝኬር አሊያንስም ከ2025 ወዲህ በበጀት ምክንያት በሩ እየጠበበ ሄዷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ የአክስትዎ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ያገኘችውን ዛሬ እርስዎ ላያገኙት ይችላሉ። ደውለው ይጠይቁ፤ የደወሉበትን ቀንም ይጻፉ።

ፕሮግራም በሌለበት ቦታ ክሊኒክ አለ። በፌደራል ገንዘብ የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በየከተማው ይገኛሉ፤ ክፍያው እንደ ገቢ ነው፣ መክፈል ባለመቻል አይመልሱም። በ2025 የፌደራሉ መንግሥት ወረቀት የሌላቸውን ከእነዚህ አገልግሎቶች ለማገድ ማስታወቂያ አውጥቶ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄደው አሳግደውታል። እዚህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሜሪስ ሴንተር ከ1988 ጀምሮ ስደተኞችን ያክማል። በአርሊንግተን አርሊንግተን ፍሪ ክሊኒክ፣ በአሌክሳንድሪያ ኔበርሁድ ሄልዝ አሉ። እናቴን ያተረፋት የሞንትጎመሪ ካውንቲው ሞንትጎመሪ ኬርስ ነው፤ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የካውንቲው ነዋሪዎች የሚሠራ ነው። ስሟን ለማስመዝገብ የጠየቁን መታወቂያ፣ አድራሻና የገቢ ማስረጃ ነበር። ስለ ቪዛዋ ማንም አልጠየቀንም። ይህን ያወቅሁት ግን ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳቦ ስንቆርስ ከጎኔ ከተቀመጠች ሴት ነው።

የጎብኚ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ ቢሉስ?

ጥሩ ነው፤ ለወደቀ ሰው፣ ለተሰበረ እጅ ይጠቅማል። ነገር ግን ውሉን ያንብቡ። ብዙዎቹ ከጉዞው በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍኑም፤ ዕድሜ ከ70 ሲያልፍ ደግሞ የሚከፍሉት ጣሪያ ዝቅ ይላል። ስኳርና ግፊት ላለባት እናት ይህ በብዛት የሚያማትን ነገር አይሸፍንም ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በኦባማ ጊዜ በወጣው ሕግ የተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ ላይ በራሱ ገንዘብ እንኳ መግዛት አይችልም።

ግሪን ካርድ ሲመጣ ሁሉም ይቀላል?

አይቀልም። ይህን ሳውቅ በጣም ደንግጫለሁ። 65 ዓመት የሞላው ሰው ሜዲኬርን በነፃ የሚጀምረው እሱ ወይም የትዳር ጓደኛው አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ከከፈሉ ነው። አዲስ ግሪን ካርድ ያገኘ ወላጅ አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ መግዛት ይችላል፤ ዋጋው በ2025 ለሆስፒታሉ ክፍል በወር 518 ዶላር፣ ለሐኪሙ ክፍል 185 ዶላር ነበር። ሜዲኬይድም በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በአብዛኛው ክፍለ ግዛት አምስት ዓመት ያስጠብቃል። በመካከሉ የሚቀረው የኢንሹራንስ ገበያው ነው፤ እሱም ላይ ገቢያቸው ከድህነት መስመር በታች የሆነ አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤቶች ከ2026 ጀምሮ ድጎማውን አጥተዋል። ስለዚህ ስፖንሰር ሆነው የሚፈርሙት ፊርማ የአምስት ዓመት የሕክምና ወጪም እንደሆነ ቆጥረው ይፈርሙ።

ፌስታሉ ውስጥ ምን አለ?

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ።

ወላጅዎ ገና አገር ቤት ሳሉ ከሚከታተላቸው ሐኪም የሕክምና ማስረጃ በጽሑፍ ያስወጡ፤ የመድኃኒቶቹ ስም በንግድ ስማቸው ብቻ ሳይሆን በመጠሪያ ስማቸው፣ ከነመጠናቸው ይጻፍ። ስሞች እዚህ ይቀየራሉ። እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን እዚህ አሲታሚኖፈን ወይም ታይለኖል ይሉታል፤ ሁለቱን እንደተለያየ ነገር አንድ ላይ የወሰዱ እናት አውቃለሁ። ለስኳር የሚሰጠው ግሊቤንክላማይድ እዚህ ግላይቡራይድ ይባላል። ስኳርን ከልክ በላይ ስለሚያወርድ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ለሽማግሌ እንዳይሰጥ ይመክራሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ይህን ጠዋት ውጦ ቅዳሴ ቢቆም ምን እንደሚሆን ያስቡት። ለሐኪሙ “ትጾማለች” ብሎ መንገር የእርስዎ ሥራ ነው፤ እሱ አይጠይቅም።

የጉልበት ማስታገሻዎቹ፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉት፣ ውኃ ያስቋጥራሉ፣ ግፊት ያወጣሉ፣ የደከመ ኩላሊትን ይጎዳሉ። እናቴ የግፊቱን ግማሽ እየዋጠች ማስታገሻውን ሙሉ ትወስድ ነበር። የገዛሁላት እኔ ነኝ። ያለ ማዘዣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነገር ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።

መድኃኒት ተወደደ ብለው መጠን እንዲቀንሱ ግን አይፍቀዱ። ሜትፎርሚንና ሊሲኖፕሪልን የመሰሉ የተለመዱ መድኃኒቶች ያለ ኢንሹራንስም ዋልማርት ለአንድ ወር በ4 ዶላር፣ ለሦስት ወር በ10 ዶላር ከሚሸጣቸው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። አገር ቤት የለመዱት ዓይነት ኤንፒኤች ኢንሱሊን እዚያው ሬሊኦን በሚባል ስም አንዱ ብልቃጥ 25 ዶላር አካባቢ ነው። ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም ካገኙ ወጪው ከምንፈራው ያንሳል። እናቴ ምላጭ ያነሳችው በወር የአንድ ምሳ ዋጋ ለማይሞላ ገንዘብ ነው።

ቢሉ ሲመጣ

ወዲያው አይክፈሉ፤ ግን አይደብቁት። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች በሕግ በጽሑፍ የሰፈረ የገንዘብ እርዳታ ደንብ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ማመልከቻ መቀበል አለባቸው። ሜሪላንድ ደግሞ ሆስፒታሎቿ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ እጥፍ ያልበለጠ ሕሙማንን በነፃ እንዲያክሙ ታዛለች። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ወር በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። በሆስፒታሉ ማንም አልነገረኝም፤ ቅጹ ግን እዚያው መስኮት ላይ ነበር። “ፋይናንሺያል አሲስታንስ” የሚለውን ቃል ብቻ ይያዙና ይጠይቁ።

የሚያስተረጉመው ማን ነው?

እርስዎ አይሁኑ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛንም ያቅፋል። ድንገተኛ ክፍል በሄድን ቀን ያስተረጎምኩላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ “ሽንት ያመልጥሻል ወይ?” “አልቅሰሽ ታውቂያለሽ ወይ?” ሲል እናቴ እኔን አይታ “ደኅና ነኝ በይው” ትለኛለች። በኋላ ክሊኒኩ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አገናኛት፤ እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ሃያ ደቂቃ ተናገረች። ከአንድ ዓመት በላይ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታት እንደነበር፣ ከወንድሟ ሞት ወዲህ ሌሊት እንደማትተኛ፣ ቀን ቀን ልጁ ሲተኛ ግድግዳ እያየች እንደምትቀመጥ የሰማሁት ከነርሷ ነው።

ያ ብቸኝነት ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። መኪና የለም፣ ጎረቤት አይታወቅም፣ ክረምቱ በረዶ ነው፣ አብሯት ቡና የሚጠጣ ሰው የለም። ሲብስ የመርሳት በሽታን ይመስላል፤ አንዳንዴም ራሱ የመርሳት በሽታ ነው። የመርሳት በሽታ ቢሆን፣ ወይም ስትሮክ ቢጥላቸው፣ ወረቀት ለሌለው ሰው የአረጋውያን መጦሪያም የቤት ውስጥ ተንከባካቢም የሚከፍል ፕሮግራም በአብዛኛው ቦታ የለም። ያኔ ሥራ የሚያቆመው ከልጆቹ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ዛሬ ተነጋገሩበት። የጥርስና የዓይን ነገር ደግሞ ቀድሞ አገር ቤት ቢያልቅ ይሻላል፤ የዓይን ሞራ ምኒልክ ሆስፒታል ተገፎ ቢመጣ እዚህ ከመለመን ያድናል። እድርዎ ወላጅን መቼ እንደሚቀበል፣ የመጠበቂያ ጊዜው ስንት እንደሆነም ይጠይቁ።

ፍርሃቱስ?

ፍርሃቱ እውነት ነው፤ አይናቁት። በጥር 2025 የኢሚግሬሽን ፖሊሶችን ከሆስፒታልና ከቤተ ክርስቲያን የሚያርቀው የቀድሞ መመሪያ ተሽሯል። በዚያው ዓመት የሜዲኬይድ መረጃ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት መተላለፉ ታውቆ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገብቷል። ስለዚህ የመንግሥት ፕሮግራም ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት ጠበቃ ይጠይቁ። ሐኪም ለመታየት ግን የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ የሕክምና ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው። ውሸትም አያስፈልግም፤ “ያንን መመለስ አልፈልግም” ማለት ይበቃል። ደረቱን የሚወጋው ሰው በፍርሃት ቤት ሊቀመጥ አይገባም።

እሳቸውስ ምን አሉ?

ይህን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። እናቴን የጠየቅኋት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። “ልጄ፣ ስድስት ወር ሲሞላ ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊትሽን ሳይ መልሼ ፈታሁት” አለችኝ። ልጆቿን ማስቀየም የማትችል ትውልድ ናት። ስለዚህ “ትቀሪልኛለሽ?” ብለው አይጠይቁ፤ መልሱን ያውቁታል። “አገር ቤት ማን ይንከባከብሻል? እዚህ ምን ይከብድሻል? መድኃኒትሽ አልቆብሻል?” ብለው ለየብቻ ይጠይቁ። ለልጅ ጥበቃ ሲባል የምናስቀራቸው ከሆነም ያንን ለራሳችን በግልጽ እንናገረው፤ የምናተርፈውን የማቆያ ክፍያ ለሕክምናቸው እናስቀምጠው።

እኔ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ እናቴ ወረቀቷን አገኘች፤ ዛሬ ግሪን ካርድ አላት። በዚያ ክሊኒክ በመጀመሪያው ቀን የተወሰደው ደም ግን ኩላሊቷ ከግማሽ በላይ መድከሙን አሳይቶ ነበር። ያ የጠፋው አልተመለሰም።

ዛሬ ማታ አይ-94ቱን አውጥተው ቀኑን ይመልከቱ። በዚህ ሳምንት በአካባቢዎ ላለ አንድ ክሊኒክ ደውለው ቀጠሮ ይያዙላቸው፤ የኩላሊትና የስኳር የደም ምርመራ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን አጠገባቸው ይቀመጡና ፌስታሉን አብረው ይክፈቱት።